የስህተት ደብተር

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ፎቅ ሥር የተሸጎጠች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለች። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ደጅ ነው የሚጠብቀው። በሯ ላይ ያሉትን ማስታወቂያዎች ከላይ ወደ ታች ማንበብ ደስ ይለኛል። «ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚለው ፀሐይ በልቶት ሊጠፋ ደርሷል። ከሥሩ «ኮፒ፣ ስካን፣ ላሚኔሽን» ይላል። ቀጥሎ «የፓስፖርት ፎርም ኦንላይን እንሞላለን»፤ ከሁሉ በታች ደግሞ ጠርዙ ገና ያልተላጠ «ፋይዳ እናትማለን»። የላይኛውን ማንም ልጦ አልጣለውም። ዘመን በተለወጠ ቁጥር ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመራል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደብዳቤ ላስጽፍ ስገባ አንድ ሽማግሌ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ሰርቪስ ቤታቸውን አከራይተው ተከራዩ ለወራት አልከፍል ብሏቸው ሊከሱ ነው። አብሯቸው የመጣው የልጅ ልጃቸው ስልኩን ከኪሱ አወጣና፣ «አባባ፣ ለምን ብር ታወጣለህ? ኤአይ በአንድ ደቂቃ ይጽፍልሃል» አላቸው።

ጸሐፊዋ አልተቆጣችም። ወንበሯን ገፋ አድርጋ «ይጻፈዋ! እስቲ እንየው» አለችው።

እውነትም በአንድ ደቂቃ ጻፈው። ልጁ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፦ «ውድ ዳኛ፣ ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ...» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፍርድ ቤት በር ላይ አንድ ቀን የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክስ በፍርድ ቤቱ ስም፣ በከሳሽና በተከሳሽ ስምና አድራሻ ይጀምራል እንጂ የዳኛ ጤንነት አይጠየቅበትም።

ከባዱ ስህተት የተገኘው ሳቁ ከበረደ በኋላ ነው። ሽማግሌው ለልጁ ሲነግሩት «ኪራዩ በየወሩ መባቻ ይሰጣል ተባብለን ነበር» ብለዋል፤ «ይሰጣል» ጠብቆ ማለት ነው፣ ገንዘቡ ለእሳቸው ሊሰጣቸው። በጽሑፍ ግን መጥበቅና መላላት አይታይም። ማሽኑ አላልቶ አነበበውና «ከሳሽ በየወሩ መባቻ ኪራይ ይሰጣሉ» ብሎ አረፈው። ባለገንዘቡ ሽማግሌ ባለዕዳ ሆነው ቁጭ!

«አባባ፣ ሰጪው ማነው?» አለች ጸሐፊዋ።

«እሱ ነዋ ልጄ! እኔማ ቤቱንም ሰጠሁት» አሉ።

ከኪቦርዷ አጠገብ አንዲት ጥጋጥጓ የታጠፈ ደብተር ነበረች። ከፈተቻት። ገጹ ለሁለት ተሰምሯል፤ በግራ ማሽኑ ያለው፣ በቀኝ ትክክሉ። «ውድ ዳኛ» ቀደም ብሎ ተመዝግቧል። ይግባኝ ላይ «ይግባኝ ባይ» እና «መልስ ሰጪ» መባል ሲገባው «ከሳሽ» እና «ተከሳሽ» ማለቱም አለ። ከሥራቸው «ይሰጣል፦ ሰጪውን ጠይቅ» ብላ ጨመረች። ከዚያ የልጁን ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተሯ አስልካ፣ ከላይ ያለውን ቆርጣ ጥላ፣ ከሥር ያለውን አስተካክላ፣ ሻይ ፈልቶ ሳይቀዳ ክሱን አትማ ሰጠቻቸው። ልብ በሉ፤ ማሽኑን አልጣለችውም። የጻፈውን ነው የሠራችበት።

«ሥራሽን ይወስደዋል ብለሽ አትፈሪም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ፓስፖርት ኦንላይን ሆነ ሲባልም ጽሕፈት ቤት አለቀለት ብለውኝ ነበር» አለች። «አሁን ግማሹ ሥራዬ እሱን መሙላት ነው።»

ይህን ዓምድ የምታነቡ ወዳጆቼ፣ በዚህ ሰሞን ከካፌ እስከ ታክሲ የሚወራው አንድ ነው፦ ኤአይ መጣ፣ ሒሳብ ሠራተኛው አበቃለት፣ ተርጓሚው አበቃለት፣ ኮድ ጸሐፊው ሳይቀር አበቃለት። እኔ ደግሞ እላችኋለሁ፦ ከመደንገጣችሁ በፊት አንዲት ደብተር ግዙ። ማሽኑ በእናንተ ሙያ የት የት ላይ እንደሚንተባተብ በጽሑፍ የያዘ ሰው፣ እንጀራው የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ በእጁ አለ።

የሚንተባተበውም ያለምክንያት አይደለም። እነዚህ ማሽኖች ቋንቋ የሚማሩት ከተጻፈ ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ የእንግሊዝኛው ክምር ተራራ ሲሆን የአማርኛው ቁና አይሞላም። ያለውም የተበታተነ ነው፤ አንዱ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው በላቲን ፊደል ይሞነጫጭረዋል። ለሰው አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ባዕዳን ናቸው። ሌላም አለ፦ በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ብዙዎቹ ማሽኖችም የእኛን ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ አድቅቀው ስለሚቆራርጡት፣ ያንኑ ሐሳብ በአማርኛ ማስኬድ ብዙ ጊዜ ይከብዳቸዋል፣ ዋጋውም ይወደዳል።

ይህ የሚያስቆጭ ይመስላል። እኔን ግን ያበረታታኛል፤ ምክንያቱም ፊደላችን ሌሎች በሠሩት ማሽን ደጅ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ቁልፎቹ ለጥቂት የላቲን ፊደላት የተበጁ ነበሩ፤ የእኛ ደግሞ ከነዘሩ ከሁለት መቶ በላይ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ «አይሆንም» ብለው አልተቀመጡም፤ ለአማርኛ የሚሆን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ከደከሙት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው እንደገና ተነሳ። ያኔ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ ለማስፈር በግንባር ከተሰለፉት መካከል የዶክተር አበራ ሞላ ሙያ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የእንስሳት ሕክምና። አሜሪካ ተቀምጠው፣ የተማሩት ሌላ፣ የቆጫቸው ሌላ። ፍስሐ አጥላውን የመሳሰሉ መሐንዲሶችም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሲሠሩ አመሹ። እ.ኤ.አ. በ1999 ግዕዝ የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት ዩኒኮድ ውስጥ ተመዘገበ። ዛሬ ለእናታችሁ «እንዴት አደርሽ» ብላችሁ በቴሌግራም ስትልኩ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ የማይደርሳት ለዚህ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ስለዚህ አደባባይ ስም ሳላነሳ ባልፍ ሜክሲኮ ላይ ቆሜ መጻፌ ምኑ ላይ ነው? በ1928 ጣልያን አገራችንን ስትወር ዓለም በአብዛኛው «ነገሩ አልቋል» ብሎ ትከሻውን ሲሰብቅ፣ ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አደባባዩ የዚያ ውለታ ማስታወሻ ነው። በእነሱ ዋና ከተማም ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ባቡር ጣቢያ አለ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ሰው ሁሉ «አልቋል» ባለ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።)

ወደ ፊደላችን ልመለስ። ጉዞው ዩኒኮድ ላይ አላበቃም። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው የካቲት 2008 ነው፤ አንዳንዱ ትርጉሙ እንዴት ያስቀን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ማሳካኔ በሚባል ኅብረት የተሰባሰቡ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች፣ የሚበዙት በትርፍ ሰዓታቸው፣ ለአፍሪካ ቋንቋዎች መረጃ ማዘጋጀት ያዙ። በጽሑፍ ውስጥ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስም ለይቶ የሚያወጣ ማሽን ለማስተማር እ.ኤ.አ. በ2021 ካወጧቸው አሥር ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አስመላሽ ተካ ከባልደረቦቹ ጋር ልሳን የተባለውን የአማርኛና የትግርኛ ትርጉም መሣሪያ ሠራ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩም ከጉግል ከተለያየች በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. የራሷን የምርምር ተቋም ስታቆም፣ ትልልቆቹ ማሽኖች የማንን ቋንቋና የማንን ኑሮ እንደሚዘሉ መጠየቅን ዋና ሥራዋ አደረገችው። ሁሉም የጀመሩት ጸሐፊዋ በጀመረችበት ቦታ ነው፦ «እዚህ ጋ ተሳስቷል» ከማለት።

«እኔ ተመራማሪ አይደለሁም» እንዳትሉኝ። ከአደባባዩ ጥቂት ራመድ ስትሉ ተግባረ ዕድ አለ። እዚያ መኪና ጥገና የምትማሪ ልጅ ካለሽ፣ እስቲ ስልክሽን «ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ካምቢዮውም ይጮኻል» ብለሽ ጠይቂው። ምን ይመልስ ይሆን? እዚያው ሜክሲኮ ከቡናና ሻይ ሕንፃ አካባቢ የምትውሉ የቡና ሰዎች ደግሞ እሸት ቡናና ጀንፈል ልዩነታቸው ምን እንደሆነ፣ ገበሬው በአንዱ ፈንታ ሌላውን ሲያቀርብ ምን እንደሚቀየር ጠይቁት። ነርሷ ታካሚዋ «ልቤን አቃጠለኝ» ሲላት ጨጓራውን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች፤ ማሽኑ ልብ ሐኪም ጋ ይልከው ይሆናል። የሙያችሁ ቋንቋ መጽሐፍ ውስጥ ያልገባ፣ ጋራዥና መጋዘን፣ ካርድ ክፍልና ችሎት ውስጥ የሚነገር ነው። እሱን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኮዱንም መማር የፈለገ መንገዱ ቀሏል። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያና የኤአይ መሠረታዊ ትምህርት በኦንላይን ይሰጣል፤ ሲጨርሱም ምስክር ወረቀት አለው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ በአማርኛ እየተረጎማችሁ ተማሩት። የተረጎማችሁትንም አትጣሉት።

አንድ ነገር ግን ላስጠነቅቅ፤ ጸሐፊዋ ናት ያስተማረችኝ። የደንበኛን ጉዳይ ወደ ማሽን ስታስገባ ስም አትጽፍም፤ ከሳሹን «ሀ»፣ ተከሳሹን «ለ» ትለዋለች። ስሙን በመጨረሻ ራሷ ትተካለች። «የሰው ገመና ነው» አለችኝ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግም አለን፤ እሷ ግን አዋጁን አልጠቀሰችም። ከልጅነቷ የምታውቀው ነውር በቂዋ ነበር።

ደግሞ እውነቱን አልሸሽግም። ደብተሯን ሳገላብጥ በስምንት ገጽ ውስጥ በርካታ መስመሮች ተሰርዘዋል። «እነዚህስ?» ስላት «እነዚህን አሁን ያውቃቸዋል፤ በየጊዜው እየደጋገምኩ እፈትነዋለሁ» አለች። ማሽኑም ይማራል፤ አምና የሳቅንበት ዘንድሮ አያስቅም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ልባችን ይወድቃል፦ «ታዲያ ነገ ሁሉንም ከሰረዘው?» እሷ ግን በተሰረዘው መስመር ሥር አዲስ ትጽፋለች። ስህተቱ እየረቀቀ ሲሄድ እሷም አብራ ትረቃለች። ከሦስት ወር በፊት የመዘገበችው የፊደል ግድፈት ነበር፤ አሁን የምትመዘግበው «ይሰጣል» ውስጥ የተደበቀ ባለዕዳ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ደብተር የያዘች ጸሐፊ ስለ ሥራዋ የምታውቀውን ያህል ያለደብተር ዓመት የሠራ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ነገ በሥራችሁ የምትጽፉትን ወይም የምትናገሩትን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ማሽኑን ጠይቁት። በላቲን ሳይሆን በፊደላችን፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ። ሲሳሳት አትሳቁበት፤ ይልቅስ ጻፉት። ሳይሳሳት ከቀረም ጊዜ ተረፋችሁ፤ ነገ ከበድ ያለ ጠይቁት።

እኔም ከጽሕፈት ቤቷ ስወጣ ከመንገድ ዳር አንዲት ደብተር ገዛሁ። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ስለነበር የጀሞ ሰልፍ ተጠማዝዞ አስፋልት ወርዷል፤ በላይ ባቡሩ ወደ ተግባረ ዕድ ያልፋል። ቆሜ ስልኬን አወጣሁና «ስለ ኤአይና ስለ ሥራ አነቃቂ ጽሑፍ ጀምርልኝ» አልኩት። ወዲያው ጀመረልኝ፦ «በዛሬው ፈጣንና ተለዋዋጭ ዓለም ውስጥ...»

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ለሁለት አሰመርኩና ይህን በግራ በኩል ጻፍኩት። በቀኝ ምን እንደምጽፍ ሳስብ ረዳቱ «ጀሞ! ጀሞ! ሁለት ሰው!» እያለ በሩን ከፈተ። «ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር» ብዬ ጫር አደረግኩና ገባሁ።