ጎንበስ በይ እስቲ

ተነሺ ቁሚ። ጉልበትሽን ሳታጥፊ ወደ ፊት ጎንበስ በይ እስቲ፣ ቀስ ብለሽ። የጣትሽ ጫፍ ጉልበትሽ ላይ ቆመ አይደል? ልብ በይልኝ፣ እንመለስበታለን። አሁን ፍራሹ ላይ በሆድሽ ተኚ፤ ትራሱን ከሆድሽ ሥር አድርጊው። ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክሬ ጨምቄዋለሁ፤ ለ15 ደቂቃ ያህል ወገብሽ ላይ ይቆይ። ካቃጠለሽ ንገሪኝ።

ትናንት ደውለሽ «እትዬ፣ አከርካሪዬ ከቦታው ወጥቷል፤ ቅዳሜ ወጌሻ ጋ ሄጄ አስመልሰዋለሁ» ስትዪኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለዚህ ነው በጠዋቱ አቃቂ ድረስ የመጣሁት። ቅድም ሻይ እየጠጣን የጠየቅኩሽም ለጨዋታ አልነበረም። ሌሊት ያልብሻል? ትኩሳት አለሽ? ክብደት ቀንሰሻል? ሳል ይዞሽ ቆይቷል? ሽንትሽ እምቢ ብሎሽ ያውቃል? በጭኖችሽ መካከል የደነዘዘ ቦታ አለ? እግርሽ ይዝልብሻል? ወድቀሽ ነበር? ሁሉንም «የለም» አልሽኝ። ጀርባሽን የነካሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከእነዚህ አንዱን እንኳ «አዎ» ብትዪኝ ኖሮ እጄን ሰብስቤ፣ ቅርብሽ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስለሆነ ይዤሽ ወደዚያ ነበር የምሄደው።

አንቺ ትንሽ ነበርሽ፤ ከግቢያችን ጀርባ የነበረውን ልጅ አታስታውሺውም። ወገቡን ያመው ነበር፣ ማታ ማታ ያተኩሰው ነበር፣ ይከሳ ነበር። «ተቀጭቷል» ተባለ። ለወራት በቅቤ ታሸ። በኋላ ጀርባው መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ ወጣ፤ እሱንም «ይግባ» ብለው ተጫኑት። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ጀርሙ ከሳንባ በደም ተጉዞ አጥንቱን ይበላዋል፤ አጥንቱ ከፊት በኩል ሲደረመስ ጀርባ ይጎብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ይህን በሽታ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1779 ነው፤ በእኛ አገር ግን ዛሬም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራው ዶክተር ሪክ ሆድስ ጀርባቸው የጎበጠ ስንት ልጆችን ጋና ድረስ ልኮ፣ በዶክተር ቦአቺ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና አስደርጎላቸዋል። እንዲህ የተበላ አጥንት ላይ በጉልበት መጫን ህብለ ሰረሰሩን ሊጨፈልቀው፣ ሰውየውንም ከወገብ በታች ሽባ ሊያደርገው ይችላል። መድኃኒቱ ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጥ ነው። ያ ልጅ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ፤ ጀርባው ግን እንደጎበጠ ቀረ። እኔ ጎንደር ሄጄ ፊዚዮቴራፒ የተማርኩት እሱን እያሰብኩ ነው።

ይህን ስልሽ ወጌሻን እየናቅኩ እንዳይመስልሽ። ኳስ ሜዳ ላይ ተጫዋች ሲወድቅ ሮጦ የሚገባው ባለሙያ እስከ ዛሬ «የቡድኑ ወጌሻ» ነው የሚባለው፤ ስሙ የክብር ስም ነው። እጃቸው ብዙ የሚያውቅ ወጌሾች አይቻለሁ። ግን አከርካሪ ወለም እንዳለው ቁርጭምጭሚት አይደለም፤ ጠይቆና መርምሮ የማይነካ እጅ፣ የማንም ይሁን የማን፣ እዚያ መድረስ የለበትም። ዋግምቱን ደግሞ ጭራሽ እርሺው። ብዙ ሰው የተበጣበት ምላጭ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ያስተላልፋል።

በይ ፎጣውን ላንሳው። ቫዝሊን ትንሽ ይበቃል።

ከአከርካሪሽ ግራና ቀኝ እንደ ሁለት ወፍራም ገመድ የወረዱ ጡንቻዎች አሉ። የማሸው እነሱን ነው፣ አጥንቱን አይደለም። ከዳሌሽ ጀምሬ በሁለት መዳፌ እየገፋሁ እስከ ትከሻሽ እወጣለሁ፤ ስመለስ አልጫንም። አምስት ስድስት ጊዜ። ይኼ ገና መተዋወቅ ነው፤ ጡንቻ የፈራውን እጅ አይለቅለትም። እዚህ ጋ፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትሽና በዳሌሽ አናት መካከል... እህ አልሽ። አውቄዋለሁ። አውራ ጣቴን አስቀምጬ አልፈትግም፤ እጫንና እጠብቃለሁ። አንቺ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ በአፍሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ነው። ቋጠሮው ከጣቴ ሥር ሲላላ ይሰማኛል፤ አንቺም ይሰማሻል። መቀመጫሽ ላይም እንደዚሁ፤ ወገቤን አመመኝ የሚል ሰው ሁሉ መቀመጫውን ይረሳል፣ ስፌት መኪና ላይ ስምንት ሰዓት የምትውዪው ግን በእሱ ነው።

ጥርስሽን ከነከስሽ ንገሪኝ፣ አላላለሁ። «ጥሩ እሽት ያስለቅሳል» የሚባለውን አትመኚ። የበለዘ ጀርባ ተጎዳ እንጂ አልታሸም።

አሁን የመዳፌን ሥር አንዱ አከርካሪ ላይ አድርጌ በቀስታ እገፋለሁ፣ እለቃለሁ፣ እገፋለሁ፣ እለቃለሁ። አውስትራሊያዊው ጄፍሪ ሜይትላንድ ነው ይህን ግፊት በደረጃ ከፍሎ ያስተማረን፤ የታመመ ወገብ ላይ በትንሿ ይጀመራል፣ እየቀለለው ሲመጣ ይጨመራል። የደረቀ መገጣጠሚያ እንዲህ ነው የሚፍታታው። ይኼኛውን ግን የቤት ሰው እንዳይሞክርብሽ፤ የት እንደሚጫንና የት እንደማይጫን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ጡንቻውን ማሸት ግን፣ አሁን ስለመረመርኩሽ፣ የቤት ሰውም ይችላል።

ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ? አጥንት ቦታው ሲገባ አይደለም እህቴ። መገጣጠሚያ በድንገት ሲከፈት በውስጡ ባለው ፈሳሽ ላይ የሚፈጠር የጋዝ አረፋ ነው፤ ጣትሽን ስታስጮኺ የምትሰሚው ያው ነው። በሠለጠነ እጅ ወገብ ላይ ሲደረግ ለአንዳንድ ሰው እፎይታ ይሰጣል። አንገትን ግን ለማንም አትስጪ። ፀጉር ቤት አንገት የሚያስጮኹትን ታውቂያለሽ፤ ወንድማችን እንዳያስነካ ንገሪው። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የደም ሥር በአንገት አጥንቶች ውስጥ ነው የሚያልፈው። የሚቀደደው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ከተቀደደ ግን ስትሮክ ያመጣል።

አከርካሪሽ ከቦታው አልወጣም። ከአንገትሽ እስከ ወገብሽ የሚንቀሳቀሱ 24 አጥንቶች አሉሽ፤ በጠንካራ ጅማቶች የታሰሩ ናቸው፣ መኪና ቢገጭሽ ወይም ከፎቅ ብትወድቂ እንጂ ጀሪካን በማንሳት አይወጡም። አብራሽ የምትሠራው ልጅ «ዲስኬ ተንሸራቷል» እያለች የኤምአርአይ ወረቀቷን አሳይታ አስፈራራችሽ አይደል? ዲስክ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም፤ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ በራሱ ይሰበሰባል። ምንም የማያማቸው ሰዎች ተመርምረው፣ ከ20 ዓመት ወጣቶች ከመቶ 30 ያህሉ፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ ከመቶ 84ቱ ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ፎቶው ብቻውን አንቺን አይደለም።

ታዲያ ምን ነካሽ? ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ጎብጠሽ ትውያለሽ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ማታ ጀሪካን ትሸከሚያለሽ። 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፣ ያውም በደከመ ወገብ። ከዚያ ምጣድ ላይ ታጎነብሻለሽ። ጡንቻሽ ወገብሽን ሊጠብቅ ጨበጠ፣ ከዚያ መልቀቁን ረሳ። የእኔ እጅ ያደረገው አደጋ የለም ብሎ ለነርቮችሽ መንገር ነው። አጥንት አላቃናም፣ ዲስክ አልመለሰም። ለዚህ ነው እፎይታው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የሚሄደው። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፤ ሰው እፎይታውን ያገኛል፣ ተመልሶ ይተኛል፣ ሲያመው እንደገና ሊታሽ ይመጣል፣ ደሞዙም እዚያው ያልቃል። ወገብሽ ቀለል ባለሽ ሰዓት ነው መንቀሳቀስ ያለብሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ማሸትንና የእጅ ሕክምናን ከእንቅስቃሴና ከምክር ጋር አብሮ ነው ያስቀመጠው፤ የወገብ ቀበቶን ግን አልመከረም። እማዬ መቀነቷን አጥብቃ እንድትታጠቂ ብትነግርሽ ለሸክሙ ሰዓት ታጠቂው፣ ቀኑን ሙሉ አይሁን።

ዙሪና በጀርባሽ ተኚ። ቀኝ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ አምጪው፣ በሁለት እጅሽ ያዢው። ጉልበትሽ እጅሽን ወደ ፊት ይግፋ፣ እጅሽ ይከልክለው። በሙሉ ኃይልሽ አይደለም፣ በሩቡ። አምስት ቁጠሪ። ልቀቂ፣ ተንፍሺ፣ አሁን ወደ ደረትሽ ሳቢው። አየሽ፣ ቅድም ያልደረሰበት መጣ። ጡንቻ ከሠራ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ይላላል፤ እኛ ክሊኒክ ውስጥ በእጃችን የምንጠቀምበት ዘዴ ነው፣ አንቺ ግን ራስሽ አልጋሽ ላይ ትሠሪዋለሽ። በየጎኑ ሦስት ጊዜ።

ሌላው ደግሞ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 ኒውዚላንድ፣ ዌሊንግተን ውስጥ ሮቢን ማኬንዚ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት ነበር። ሕመሙ ከወገቡ አልፎ እግሩ ድረስ የሚወርድ አንድ ሰው ለሳምንታት ቢያክመውም አልተሻለውም። አንድ ቀን «ገብተህ በሆድህ ተኛ» ብሎት ሌላ ታካሚ ጋ ሄደ። አልጋው ራስጌው ከፍ እንዳለ ነበርና ሰውየው ወገቡ ወደ ኋላ ተለምጦ ለደቂቃዎች ቆየ። ማኬንዚ ተመልሶ ሲያየው ደነገጠ፤ ሰውየው ግን እግሬን ተወኝ አለው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የምናሠራው እንቅስቃሴ ከዚያ ነው የመጣው። በሆድሽ ተኝተሽ፣ ዳሌሽን ሳታነሺ፣ በእጅሽ ደረትሽን ቀና ማድረግ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ምልክቱን ያዢልኝ፤ ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ ከተሰበሰበ፣ ወገብሽን ትንሽ ቢብስበት እንኳ ጥሩ ነው። ከወገብ ወደ እግር ከወረደ ግን አቁሚና ደውይልኝ። ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ለአንዳንዱ መታጠፍ ነው የሚሻለው።

ፋብሪካ ውስጥ ከሰዓት ሰዓት ተነሺ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ወደ ኋላ ለመጥ በይ። የላይኛው ጀርባሽ ሲደርቅብሽ እስክስታሽን ምቺ፣ የምሬን ነው፤ ትከሻና የደረት አከርካሪን እንደ እስክስታ የሚያፍታታ እንቅስቃሴ ብዙ አላውቅም። ጀሪካኑን በሁለት ባለ 10 ሊትር ለውጪው፣ ምልልሱ ቢበዛም። ምጣዱን ከመሬት አንሺው፤ ብሎኬት ደርድረንለት እሄዳለሁ። ስትሰግጂም አትፍሪ። ባለፈው ስቅለት ከስግደት በኋላ ጭንሽንና ወገብሽን ያመመሽ የጡንቻ ድካም ነበር፣ በሦስት አራት ቀን ሄደ። መጎንበስ ወገብ አይሰብርም፤ ሳይለምዱት በአንድ ቀን ብዙ መጎንበስ ነው የሚያሳምመው።

ፋርማሲ ገብተሽ የዲክሎፌናክ መርፌ በየሳምንቱ መወጋቱን ተዪ። ጨጓራሽንና ኩላሊትሽን ይጎዳል።

በይ አሁን ወደ ጎንሽ ዙሪና በእጅሽ ተደግፈሽ ተነሺ፣ በቀጥታ አይደለም። ቁሚ። ጉልበትሽን ሳታጥፊ ጎንበስ በይ እስቲ። ቀስ... ባትሽ ላይ ደረሰ። ከቅድሙ አንድ ስንዝር ወርዷል። ነገ ጠዋት ልብስሽን ከመልበስሽ በፊት ሞክሪውና የት እንደደረሰ ንገሪኝ። አሁን ጫማሽን አድርጊ፣ እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ በእግራችን ደርሰን እንመለስ።