የፈተና ሌሊትና እንቅልፍ

ፈተና በተቃረበ ቁጥር በየመኝታ ቤታችን መብራት ሲበራ ያድራል። አንዱ በቡና፥ ሌላው በጫት ራሱን እያነቃ የወራቱን ትምህርት በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይታገላል። ነገሩ ትጋት ይመስላል፤ ትርፉን ግን እንመርምር።

በቀን ያጠናነው በአእምሯችን የሚጸናው ስንተኛ ነው። ስለዚህ እንቅልፉን ትቶ የሚያጠና ተማሪ በወንፊት ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍን ያባርራል እንጂ የእንቅልፍን ሥራ አይሠራም። የቡናው ካፌይንም ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት የጠጣነው እኩለ ሌሊት ላይ ገና አልለቀቀንም ማለት ነው።

ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው በየሌሊቱ ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ፤ ይኸውም ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት መነሣት ነው። እንቅልፍ ማጣት ለዓመታት ሲዘልቅ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ መንገድ ይጠርጋል።

«ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ይባላል፤ የእኛው ደግሞ ከአልጋ ይሰርቃል። ዲግሪያችንን ይዘን ስንወጣ ልማዳችንም አብሮን ይወጣልና፥ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ጥናቱን ከዛሬ ጀምረን ለየዕለቱ እናከፋፍለው፤ ሌሊቱንም ለእንቅልፍ እንተውለት።