በየቀኑ አንድ ስስ ንጣፍ

«ገንዘብ የለኝም።» «የሚያግዘኝ ሰው የለም።» «ጊዜው አልፎብኛል።»

ከእነዚህ ሰበቦች የትኛው ነው ያንተ? ዛሬ ሦስቱንም አራግፋቸው!

በዋሽንግተን ዲሲ ደቡብ ምሥራቅ፣ ፎርት ዱፖንት በሚባለው ሰፈር፣ በ1976 እ.ኤ.አ. አንድ የበረዶ ስኬቲንግ አዳራሽ ተከፈተ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ያስተዳድረው የነበረው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሊዘጋው ተነሣ። ምክንያቱ? በጀት።

የአካባቢው ሰዎች ታዲያ ምን አደረጉ? የአዳራሹ «ወዳጆች» ብለው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር መሠረቱ። አስተዳደሩንም ተረከቡ።

ፈሪ በር ሲዘጋ ቆሞ ያያል። ቆራጥ ቁልፉን ይጠይቃል።

ግን ቁልፍ መቀበል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማቆየቱስ?

በረዶው እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ? ከወለሉ ሥር ቱቦዎች ተዘርግተዋል። በውስጣቸው እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይዞራል። ከላይ ውሃ ይረጫል፤ ስስ ተደርጎ። ያ ሲረጋ ሌላ ይደገማል። ውሃውን በአንዴ ብትደፋው ጥሩ በረዶ አይወጣህም። ተደራርቦ ተደራርቦ ጥቂት ሳንቲሜትር ሲሆን ግን ስንቱን ይሸከማል!

ሥራው በዚያ ያበቃል? በፍጹም። የጫማው ስለት ይቧጥጠዋል። ስለዚህ ፍራንክ ዛምቦኒ በ1949 የሠራት ዓይነት መኪና ትመጣለች። ገጹን ትልጋለች፤ ሙቅ ውሃ ታለብስበታለች። ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም።

አየህ? በመስከረም አቅደህ በጥቅምት የተውከው ነገር የጎደለው ችሎታ አይደለም። ድግግሞሽ ነው!

ወጪውስ? የማቀዝቀዣው የመብራት ሂሳብ በጋ ከክረምት አያርፍም። እንዲህ ያሉ ማኅበራት አዳራሹን በሰዓት ለክለቦች ያከራያሉ። መዋጮ ያሰባስባሉ። በጎ ፈቃደኞችን ያስተባብራሉ። በዚህም መክፈል የማይችል ልጅ ጫማ አጥልቆ ይማራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!

ፍሬው የት አለ ካልክ፣ ተመልከት።

ኒል ሄንደርሰን በ1978 በዚህ አዳራሽ የልጆች ሆኪ ቡድን አቋቋመ። አሠልጣኝነቱን ለአሥርት ዓመታት አልተወም። በ2019 ወደ አሜሪካ የሆኪ ዝነኞች አዳራሽ ገባ፤ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ማሜ ቢኒ በልጅነቷ ከጋና መጣች። የፍጥነት ስኬቲንግ እዚሁ ተለማመደች። በ2018 የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ተወዳደረች፤ በአሜሪካ የኦሊምፒክ ፍጥነት ስኬቲንግ ቡድን ውስጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆና!

በረዶ ከማያውቅ አገር የመጣ ልጅ በበረዶ ላይ ይነግሣል። አንተ ምን ይከለክልሃል?

የምትኖረው በዲሲ አካባቢ ነው? ልጅህን ይዘህ ወደ በረዶው ውጣ። አዲስ አበባ ነህ? ባዶውን የሰፈርህን ሜዳ እይ። ሦስት ጎረቤት ጥራ። ሥራውን ተከፋፈሉ። መዋጮውን በወር ወሩ አድርጉት። ተራ አውጡ፤ ተራህንም አትዝለል።

ፍጹም ቀን አትጠብቅ። ዛሬ ትንሽ ሥራ። ነገ ደግሞ ተመልሰህ ና!