ርካሹ የጉዞ ጥቅል ዋስትና አለው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። ለቤተሰቤ በረራና ሆቴል በአንድነት ልገዛ ስል፣ አንድ ድርጅት ከሌሎቹ 200 ፓውንድ አሳንሶ አቀረበልኝ። ክፍያውን ግን በባንክ ዝውውር ብቻ ነው የምቀበለው ይላል። ቢከስር ገንዘቤ ምን ይሆናል?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የጉዞ ድርጅቶች ገንዘብ የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ ከጉዞው ወራት ቀድመው ነው። ድርጅቱ ሲከስር ዋስትና የሌለው ደንበኛ ከሌሎች ባለገንዘቦች ጋር ወረፋ ይይዛል፤ የሚደርሰውም ጥቂት ነው።

በብሪታንያ በረራን ያካተተ ጥቅል የሚሸጥ ድርጅት «አቶል» የተባለው ዋስትና ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ቶማስ ኩክ የተባለው የጉዞ ድርጅት ሲከስር፣ በዚህ ዋስትና ጥቅል ገዝተው ገና ያልተጓዙ ደንበኞች ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። ከአየር መንገዱ በቀጥታ የተገዛ ቲኬት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም።

ከመክፈልዎ በፊት የድርጅቱን የአቶል ቁጥር በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ድረ ገጽ ያረጋግጡ፤ እንደከፈሉም የምስክር ወረቀቱን ይቀበሉ። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ከሆነና በክሬዲት ካርድ በቀጥታ ለሻጩ ከከፈሉ፣ ካርድ ሰጪው ተቋምም በሕግ ተጠያቂ ነው። በባንክ ዝውውር ሲከፍሉ ይህ ጥበቃ የለም። ስለዚህ የአቶል ቁጥሩ ካልተረጋገጠ የ200 ፓውንዱ ቅናሽ ቢቀር ይሻላል።

አስቀድመው ከፍለው ከሆነና ድርጅቱ ከተዘጋ፣ ደረሰኞችዎን ይዘው ነፃ ምክር የሚሰጠውን ሲትዝንስ አድቫይስ ያነጋግሩ።