የወላጆች ፈረቃ፦ በጎ ፈቃድ፣ ጊዜና ቅጣት በዋሽንግተን አካባቢ የልጆች የበጋ ዋና ቡድኖች

ዋሽንግተን ዲሲን በከበቡት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሰፈሮች፣ ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የቅዳሜ ጠዋት ለልጆች የዋና ውድድር የተሰጠ ነው። (አሜሪካውያን በጋ የሚሉት ይህ ወቅት በአገራችን ሰኔና ሐምሌ፣ ማለትም ክረምት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።) እ.ኤ.አ. በ1956 የተመሠረተው የሰሜን ቨርጂኒያ የዋና ሊግ ብቻውን ከመቶ በላይ ቡድኖችን ያቅፋል፤ በሜሪላንድ ደግሞ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሊግ አለ። ሁለቱም የሚገኙት ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በሚያሳድጉባቸው አካባቢዎች ነው፤ አሌክሳንድሪያን፣ ፌርፋክስንና ሲልቨር ስፕሪንግን መጥቀስ ይበቃል።

በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ አሠልጣኙ ይከፈለዋል። የተቀረው ሥራ ግን ከሞላ ጎደል በወላጆች ትከሻ ላይ ያረፈ ነው። በየዓመቱም የሚሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሁልጊዜ የሚሠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው» ይባላል። ማንኩር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው የጋራ ድርጊት ሎጂክ በተሰኘው ሥራው ያቀረበው ትንታኔ ለዚህ ቅሬታ ዝግጁ መልስ አለው፦ ጥቅሙ ለሁሉም የሚደርስ ከሆነ ድካሙን ለሌላው መተው የሚያዋጣ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ መልሱን ሙሉ በሙሉ አይቃወምም፤ ነገር ግን ከፈቃድ ይልቅ የጊዜ ድልድል ይበልጥ ሊመረመር ይገባዋል ይላል።

የሥራው ስፋት

በሰሜን ቨርጂኒያ ሊግ አንድ ምድብ ስድስት ቡድኖች ስላሉት እያንዳንዱ ቡድን በአምስት ቅዳሜዎች አምስት ግጥሚያዎች ያደርጋል። አምስቱ የዕድሜ ክልሎች በሁለቱ ጾታዎችና በአራቱ የዋና ስልቶች (ነጻ፣ ጀርባ፣ ደረትና ቢራቢሮ) ሲባዙ 40 የግል ውድድሮች ይሆናሉ፤ ቅብብሉ በዚህ ላይ ይታከላል። ከእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ሦስት ልጆች ስለሚገቡ ስድስት መስመሮች ያስፈልጋሉ። በየመስመሩ ጫፍ ሦስት ሰዓት ያዦች ሲቆሙ 18 ሰው ሆነ ማለት ነው። የበላይ ዳኛው፣ አስጀማሪው፣ የስልትና የመዞር ዳኞቹ፣ ትንንሾቹን ልጆች በተራ የሚያሰልፉት፣ ውጤት የሚመዘግቡት፣ ሪባን የሚለጥፉትና ምግብ የሚሸጡት ገና አልተቆጠሩም።

ሰዓት ያዥነት የዋና ዕውቀት አይጠይቅም። የመነሻው መብራት ብልጭ ሲል መጫን፣ የልጁ አካል ግድግዳውን ሲነካ ማቆም ነው። ከሦስቱ ሰዓቶች የመካከለኛው ስለሚመዘገብ የአንድ ሰው አውራ ጣት ቢዘገይ የልጁ ውጤት አይበላሽም። ይህ ደንብ ሊደነቅ የሚገባው ነው፤ ልምድ የሌለው ሰው ይሳሳታል ብሎ አስቀድሞ መላ አበጅቷልና። የስልት ዳኛው ግን ሌላ ነው። በደረትና በቢራቢሮ ዋና ሁለቱ እጆች ግድግዳውን በአንድ ጊዜ መንካታቸውን አይቶ መወሰን፣ ስህተት ሲያይም እጁን አንስቶ በእንግሊዝኛ ቅጽ መሙላት አለበት። ለዚህ አስቀድሞ መሠልጠን ግድ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ስሌት እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለማስላት የተወሰዱ እንጂ የማንም ቡድን መረጃ አይደሉም። አንድ ግጥሚያ 36 የሥራ ቦታዎች ቢኖሩትና ጠዋቱ በሁለት ፈረቃ ቢከፈል 72 ፈረቃዎች ይሆናሉ። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ቢካፈሉ ለአንዱ 36፣ በአምስት ቅዳሜም 180 ይደርሰዋል። 60 ቤተሰቦች ያሉት ቡድን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሦስት ፈረቃ ይሰጣል። ሦስት የግማሽ ጠዋት ሥራ ማንን ያቅታል? አማካዩ ግን ሁለት ነገሮችን ይሸሽጋል። የሠለጠነ ዳኛ ቦታ በማንም ሊሞላ አይችልም፤ የአንዱ ቤተሰብ ቅዳሜም ከሌላው ቤተሰብ ቅዳሜ ጋር እኩል አይደለም።

ቅዳሜው የማን ነው?

ሃሪየት ፕሬሰር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ጥናት ከተለመደው የሥራ ሰዓትና ከሰኞ እስከ ዓርብ ካለው ሳምንት ውጭ መሥራት በአሜሪካ ምን ያህል እንደተስፋፋና የቤተሰብን ኑሮ እንዴት እንደሚነካ አሳይታለች። በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሠሩባቸው ሙያዎች፣ ማለትም ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ የመኪና ማቆሚያና ታክሲ፣ ከዚሁ ክልል ውስጥ ናቸው። ዓርብ ሌሊት ገብታ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ የምትወጣ ነርስ ልጇን ወደ ገንዳው ማድረስ ትችል ይሆናል፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆማ ሰዓት መያዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የመመዝገቢያው መንገድ ችግሩን ያባብሰዋል። ዝርዝሩ አንድ ምሽት ይከፈትና ቀድሞ የደረሰ ይመርጣል። የሐምሌን ቅዳሜዎቹን በግንቦት የሚያውቅ ወላጅ የጥላውንና የወንበሩን ቦታ ይይዛል። የፈረቃ መርሐ ግብሩ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጣለት ሰው ግን ወይ የተረፈውን ይወስዳል፣ ወይም በኋላ የሚሰርዘውን ቃል ይገባል። ከዚያ በኋላ «የማይሠሩት» ተብለው የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው። በዚህ አሠራር ቅድሚያ የሚያሰጠው ጊዜን አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ ፈቃደኝነት አልተለካም።

የአደረጃጀቱ ታሪክም መዘንጋት የለበትም። አብዛኞቹ የሰፈር ገንዳዎች የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ዓመታት ሥራ ናቸው፤ የታሰቡትም አንዱ ወላጅ ቤት ለሚውልበት ቤተሰብ ነበር ማለት ይቻላል። ለሁሉም ክፍትም አልነበሩም። በሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ የነበረው የዊተን ሄቨን ማኅበር ጥቁሮችን በአባልነት ባለመቀበሉ ተከሶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ፈርዶበታል፤ የግል ክለብ ነኝ ማለቱም አላዳነውም። ዛሬ በሩ ተከፍቷል። ከበሩ በስተጀርባ ያለው የሥራ ክፍፍል ግን ለአንድ ዓይነት የቤት ሰዓት እንደተሰፋ ቀርቷል።

ቅጣትና ዋጋ

ቡድኖች ለጉዳዩ የሚሰጡት የተለመደ መፍትሔ ገንዘብ ነው፤ ቤተሰቡ መያዣ ያስይዛል፣ ፈረቃውን ካልፈጸመ አይመለስለትም። ግኒዚና ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት የሃይፋ ጥናት እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ነው። ከ10 የሕፃናት ማቆያዎች በስድስቱ፣ ልጁን ለመውሰድ ከአሥር ደቂቃ በላይ የዘገየ ወላጅ 10 ሼክል እንዲከፍል ተደረገ። የሚዘገዩት ቁጥር ጨመረ፤ ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም አልቀነሰም። ለወላጆቹ ቅጣቱ ዋጋ ሆነላቸው። በዋና ቡድንም ገንዘብ ያለው ጠዋቱን ይገዛል፤ የሌለው ይቀጣል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን «እድር ከጥንት ጀምሮ ይቀጣል፤ ታዲያ ለምን አልፈረሰም?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። በእኔ አስተያየት በእድር ገንዘቡ ትንሽ፣ ከጀርባው ያለው ግን ትልቅ ነው። ደጋግሞ የቀረ ሰው በመጨረሻ ከማኅበሩ ይሰረዛል፣ በሐዘኑ ቀን ድንኳን የሚተክልለት ያጣል። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 የጋራ ሀብትን ለረጅም ጊዜ ጠብቀው ከቆዩ ማኅበራት ያወጣችው የደረጃ በደረጃ ቅጣት መርሕም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። የሃይፋው ቅጣት እንዲህ ያለ ደረጃ አልነበረውም። በእርግጥ የሰባት ሳምንት የዋና ወቅት የእድርን ያህል ትስስር ሊፈጥር አይችልም፤ ንጽጽሩ እስከዚህ ድረስ ብቻ ይሄዳል።

ይልቅ የሚወረሰው ሌላ ነው። በእድር ባል ባይመች ሚስት፣ እርሷ ባትችል ያደገ ልጅ ይተካል፤ በወንፈልም ዛሬ ያልሠራ ነገ ጉልበቱን ይመልሳል። ዕዳው የቤተሰብ ነው፣ የሚከፈልበት ቀንም ይለዋወጣል። ቡድኖች ከቅዳሜ ውጭ ያለውን ሥራ፣ ለምሳሌ ዓርብ ማታ የመስመር ገመድ መዘርጋትን ወይም ሪባን በቤት መለየትን፣ በእኩል ፈረቃነት ቢቆጥሩና ከቦታዎቹ የተወሰኑትን ለዘግይተው ለሚመዘገቡ ቢያቆዩ፣ ከላይ ባየነው ስሌት ብዙ ክፍተት ይሞላል። ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣች አያት እንግሊዝኛ ባትናገርም ከሦስቱ ሰዓቶች አንዱን መያዝ ትችላለች።

በዚህ መንገድ የማይፈታው የስልት ዳኛው ጉዳይ ነው። ሥልጠናው በተወሰነ ምሽት ስለሚሰጥ ያንኑ ወላጅ በድጋሚ ያስቀራል። ቅዳሜን ሳይነካ ሥልጠናውን በተለያየ ሰዓት ደጋግሞ መስጠት ምን ያህል አዲስ ዳኞችን እንደሚያስገኝ በመስክ ቢጠና፣ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚፈተነው በዚያ ይሆናል።