ስማርት ሰዓት ማሰር ያከሳል?

«ዶክተር፣ እርምጃ የሚቆጥረውን ሰዓት ልግዛ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአሜሪካው ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ልንገራችሁ። ክብደት መቀነስ የፈለጉ 471 ወጣቶች አመጋገባቸውን አስተካክለው ስፖርት ጀመሩ። ከ6 ወር በኋላ ገሚሶቹ ራሳቸው ድረ ገጽ ላይ እየመዘገቡ ቀጠሉ፤ ለሌሎቹ ክንድ ላይ የሚታሰር መቁጠሪያ ተሰጣቸው። በ2 ዓመት ራሳቸው የመዘገቡት በአማካይ 5.9 ኪሎ ሲቀንሱ ባለመሣሪያዎቹ 3.5 ብቻ!

ለምን? የኔ ግምት፣ «ዛሬ ብዙ ተራምጃለሁ» ብሎ ማታ ጨመር አድርጎ መብላት ነው።

በተለይ «ይህን ያህል ካሎሪ አቃጠልክ» የሚለውን ቁጥር አትመኑት። በ2017 ስታንፎርድ 7 መሣሪያዎችን ሲፈትሽ፣ የልብ ምት ላይ አብዛኞቹ ጎበዝ ነበሩ፤ ካሎሪ ላይ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። ሰዓቱ ካላችሁ የዚህን ሳምንት እርምጃ ካለፈው ጋር አወዳድሩበት፤ ራት የምትበሉትን መጠን ግን በሱ አትወስኑ።