«ስድስት ልጅ ያሳደግሁት በዚሁ ነው»

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ አራት ወር ከሳምንት ሆኗታል፤ ወንዱ ሦስት ዓመቱ። የወሊድ ፈቃዴ ላይ የዓመት ፈቃዴን ጨምሬ ቆየሁና ሥራ ገባሁ። አሁን አማቴ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ልጆቹን ይይዙልኛል። እሳቸው ባይኖሩ ሥራዬን እለቅ ነበር፤ ውለታቸውን አልክድም። ባለፈው ሐሙስ ቀደም ብዬ ስገባ ግን ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስተኝተው የአብሽ ውሃ በማንኪያ ሲያጠጧት ደረስኩ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ «አንጀቷን ያለሰልሳል» እያሉ ለጋ ቅቤ ያልሷታል። ትልቁ ስኳር የበዛበት ሻይ ካልቀረበለት እንጀራ አልነካም ማለት ጀምሯል። ስናገር «ስድስት ልጅ ያሳደግሁት በዚሁ ነው» ይሉኛል። ባለቤቴ «ተያት፣ እናቴ አይደለች?» ብሎ ዝም ይላል። ምን ላድርግ?
ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አማትሽ ምን እንደተሸከሙ እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጥሽ ፈቃድ 90 ቀን ነው። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጡት ወተት በቀር ውሃም እንኳ አይቅመስ ይላሉ። በመሃል የቀረውን ጊዜ የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። አንቺ ቢሮ ሆነሽ ሕፃኗ ስታለቅስ እጃቸው ላይ ያለው አብሽና ቅቤ ብቻ ከሆነ፣ እሱኑ ይሰጣሉ። ስለዚህ «አይስጧት» ከማለትሽ በፊት የሚሰጧትን አስቀምጪላቸው።

ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት እጅሽን ታጥበሽ ወተትሽን ንጹሕ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አልቢ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ከፍሪጅ ውጭ ግን ለ4 ሰዓታት ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀት ባለበት ቤት ከዚያም ያንሳል። ምድጃ ላይ አይጣድ፤ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ጡጦ መግዛትም አያስፈልግሽም፤ ንጹሕ ስኒና ማንኪያ ይበቃል። በማንኪያ ማጠጣቱን አማትሽ ከማንም በላይ ያውቁበታል።

ለሕፃኗ አብሹም ቅቤውም ውሃውም ይቁም። በዚህ ላይ ድርድር የለም። በውሃና በዕቃ የሚገባው ተሕዋስ ተቅማጥ ያመጣል፤ ትንሿ ሆድ በሌላ ነገር ስትሞላ ደግሞ ጡት መሳቧ ይቀንሳል፣ ወተትሽም አብሮ ይቀንሳል። ከአገር ቤት ማር ቢመጣ ደግሞ ዓመት ሳይሞላት አትቅመስ። በማር ውስጥ የሚገኝ ተሕዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊሠራ ይችላል።

የትልቁ ነገር ቀስ ተብሎ የሚፈታ ነው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በሽሮና በምስር ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። በአንድ ቀን ብትከለክዪው ቤቱ ለቅሶ ይሆናል። በምግብ ሰዓት ውሃ አቅርቡለት፣ ሻዩን ከምግብ አርቁት፣ ስኳሩን በየሳምንቱ ቀንሱ፤ ቀስ በቀስም በወተት ተኩት።

«ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ» ሲሉሽ አትከራከሪ። አሳድገዋል፤ አንዱን አግብተሻል። ደግሞስ ያኔ ቤት ውለው ቀንም ሌትም እያጠቡ ይሆናል፤ አንቺ ግን ውሎሽ ቢሮ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ነገሩን ማን እንደሚያነሳው ብዙ ይለውጣል። ከምራት አፍ ሲወጣ ነቀፋ የሚመስለው ከልጅ አፍ ሲወጣ ምክር ነው። ስለዚህ የሚናገረው ባልሽ ነው። «ተያት» ማለት እናትን ማክበር አይደለም፤ ሁለታችሁንም ሜዳ ላይ መተው ነው። «እማዬ፣ ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት በቀር ምንም አትቀምስ ተብለናል፤ አንቺው አግዢን» ይበላቸው። ሕፃኗን ለማስመዘን ጤና ጣቢያ ስትሄጂም ይዘሻቸው ሂጂ። ከነርሷ የሰሙትን አንቺ ዓመት ብትደግሚው አታሳምኛቸውም።

ስድስት ወር ሲሞላት የአማትሽ ተራ ይመጣል። ጡቱ ሳይቋረጥ፣ እህልና ጥራጥሬ ተመጥኖ ከተፈጨ ዱቄት የተሠራ ለስላሳ ገንፎ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የተፈጨ አትክልት ይጀመራል። ምጥኑን እሳቸው ያዘጋጁት፤ ለቅመውና ቆልተው ማስፈጨቱን ስለሚያውቁበት ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ልቀቂላቸው። ያጣላችሁ ቅቤም ያኔ ትንሽ ማንኪያ ሆኖ ገንፎው ውስጥ ይገባል። እስከዚያ ሁለት ወር አይሞላም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ቅቤውና አብሹ ዛሬ ይቁሙ፣ ሻዩ ከገበታ ይራቅ፣ ወተቱ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይታለብ። ይህን ገጽ መጀመሪያ ለባልሽ አስነብቢው፤ እናቱን የሚያናግረው እሱ ነው።